ምንቸገረህ ዕረፍት ሊወጣ ነው

«የውሻው ስም?» አለ ዶክተር ገመቹ፣ እስክሪብቶውን ካርዱ ላይ አሳርፎ።
«ምንቸገረህ» አልኩት።
ቀና ብሎ አየኝ፤
ሳቀ ከኋላዬ ያለው ወረፋ፣ በጉን እየሳበ፣ ዶሮውን አቅፎ።
«አንተን አይደለም፣ ልጄ፤ ስሙ ነው፤ ባሌ ነው ያወጣለት፤
ጋሽ ሙላቱ ከላይ ፎቅ ‹ለሰው ያልበቃ እህል ለውሻ!› ብሎ ሲያማበት፣
በየማለዳው ደረጃው ስር ቆሞ፣ ጮክ ብሎ ሊጠራበት።»
ጻፈው። ማኅተሙን መታ።
ምንቸገረህ ለመርፌው አንዴ አቃስቶ፣ የወጋውን እጅ ላሰ በይቅርታ።

ደርበው ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አቃቂ፣ የጉድጓድ ፓምፕ ሲጠብቅ ኖረ፤
ለከተማው ውኃ ሲገፋ፣ ሐይቅ የሚባል ሳያይ ቀረ።
የዓመት ፈቃዱን እንደ ዕቁብ አጠራቅሞ፣ «ለከርሞ» እያለ፣ «ለከርሞ»፤
«ላንጋኖ እንወርዳለን ሦስታችን፤ ውሻውም ይዋኛል» እያለ ደግሞ፤
ጡረታው ሁለት ወር ሲቀረው፣
አረፈ።
አማርኛ እንዲህ ይቀልዳል፤
ዕረፍት ወጥቶ የማያውቀውን ሰው፣ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ
በየብሎኩ እየዞረ፣ «ደርበው አረፈ» ብሎ ለፈፈ።

አሁን የምሸክፈው እኔ ነኝ።
ጀሪካን ቆርጬ ሳህን አበጀሁ፤ ጠርዙን በሻማ አቀለጥኩ፤
ከአሮጌ ቦርሳ ማንገቻ፣ ጫማ ሰፊው ጋ፣ ያፍ ማሰሪያ አስቆረጥኩ፤
የቃሊቲው ሥጋ ሻጭ አጥንት ሰጠኝ፣ ቀቅዬ፣ አድርቄ ቋጠርኩ፤
ሁለት ሃይላንድ ውኃ፣ ገመድ፣ የለበሰው ያደፈ ጋቢ፣
የክትባት ካርዱ ከመታወቂያዬ ጋር፣ በአንድ ላስቲክ።
የራሴን ጓዝ ብፈልገው፣
ከአጥንቱ ስር፣ አንድ ቀሚስና የደም ግፊት ክኒን ሆኖ አገኘሁት።

ቱሉ ዲምቱ ላይ ሚኒባሱ እምቢ አለ።
«የሁለት ሰው እከፍላለሁ» ብለው፣ ረዳቱ በሩን እንደያዘ፣
«እናት፣ አንዱ ጾም ላይ ነው፣ አንዱ ውዱእ አድርጓል፤
ማን ከውሻ ጋር ይጋፋል?» አለኝ። አልተቆጣሁም፤ እውነቱን ነው።
ከድር ነው ደግ ያሰበው፣ የመቂን ቲማቲም የሚያመላልሰው፤
አይሱዙው ባዶውን ሲወርድ፣ ከሳጥኖቹ መሃል ሊያሳፍረን።
ዋጋ ብጠይቀው፣ «ደርበው በውኃ ጥፋት ዘመን
ቤቴ ድረስ ጀሪካን ተሸክሟል፤ ተይው» አለኝ።
እስከ መቂ ነው እንግዲህ።
ከመቂ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል።

ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ጋሽ ሙላቱ በነጠላ ጫማ ወረደ፣ ባትሪውን ይዞ።
«በዚህ ዕድሜ ምን ዕረፍት ነው?»
«ሳላርፍ ልረፍ ብዬ ነው» አልኩት።
ዝም አለ። መቃኑን ተደግፎ ቆየ።
«ታዲያ መቼ ትመልሺዋለሽ? ሌሊት ኮቴ ሲሰማ፣ ማን ይጮኻል ለብሎኩ?»
«ምን ቸገረህ!» አልኩ፣ ለአንድ ቀን እንኳ እንደ ደርበው ልሞክር ብዬ፤
ውሻው የተጠራ መስሎት ብድግ አለ፣ የሽማግሌውን ጉልበት አሸተተ፤
ሽማግሌው እጁን ሰደደ፣ መለሰ፣ ደግሞ ሰደደ፤
እንደ ትኩስ ድንች ጆሮውን በሁለት ጣት ነክቶ ተወ።
ከኮቱ ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ የድፎ ዳቦ ጫፍ አውጥቶ፣
«ለመንገድ» አለ፤
ለማናችን እንደሆነ ሳይናገር ወደ ላይ ወጣ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከድር ክላክስ ያደርጋል። ስምንት አልፏል።
ምንቸገረህ ጓዝ ሲያይ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤
ሰው ይሄዳል፣ ውሻ ይቀራል።
ደርበውን ሆስፒታል ስንወስደውም ይህችው ሻንጣ ነበረች።
ስለዚህ ሄዶ ተጋደመባት፣ አገጩን ዚፑ ላይ ጥሎ።
«አንተም ትሄዳለህ» እለዋለሁ፤ አያምነኝም።
«ሐይቅ አለ፣ ሐይቅ» እለዋለሁ፤
ሐይቅ ምን እንደሚመስል እኔስ መች አውቃለሁ።
ቢለምኑት አይነሣ፤
ዳቦው አልገባም፣ ክኒኔ ከታች ነው፣
ሻንጣው እንደተከፈተ፣ የመኪና ድምፅ እንጠብቃለን።